የራሱ አያት የሆነው ሰው

አንድ ሰው የራሱ አያት ሊሆን ይችላል? አይችልም የምትሉ ትክክል ናችሁ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። ስሙ ወርቁ ቢተው ይባላል። ከሞተ መቶ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም፤ ቢሆንም ገና ሳላገባ ሊያፋታኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

ከራሴ ልጀምር። ጋዜጠኛ ነኝ። ጎንደር ተቀምጬ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ስብሰባ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። ሁለት ምንጭ ካላረጋገጡልኝ ዝናብ ዘነበ ብዬ አልጽፍም። አንድ ክረምት ዋና አዘጋጁ ደውሎ «ጎንደር እየዘነበ ነው ወይ?» ቢለኝ «በመስኮት የሚታየው እንደዚያ ነው፤ ሌላ ሰው ጠይቄ ልደውልልህ» ብዬው ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኔ አልቀለድኩም። ዝናቡን ያረጋገጠልኝም ሊስትሮ ነው፤ ዕቃውን ሰብስቦ እየሮጠ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ቶሎ አያገባም። አርባ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ግን ስመኝን አገኘሁ። ስመኝ ነርስ ናት። የተወለደችው ትክል ድንጋይ ነው፣ የምትሠራው ጎንደር። ንግግሯ አጭር ነው፤ አጭር መሆኑ ግን ከመውጋት አያግደውም። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ጋሽ ፈንታሁን እህል ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌዎቼን በደንብ ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ።

«ልጁ ሸጋ ነው ይሉታል። ልጄም ወዳዋለች። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰባት ቤት ይቆጠር።»

ይህን ማንም ይላል። በአገራችን ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ በእናትም በአባትም በኩል ወደ ላይ እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው፤ ጋብቻው ይቀራል። እኔን ያሳሰበኝ ቆጠራው አልነበረም። ከሽማግሌዎቼ አንዱ የእኔን ዘር ሲጠራ «ወርቁ ቢተው» የሚል ስም ጠርቶ ኖሮ፣ የስመኝ አክስት ከጓዳ ሆና «ምነው! ይኸ እኮ የኛ ሰው ነው» ብላለች። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩኝ ሁሉም ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ከጾሙ በፊት ካልተጋባን እስከ ፋሲካ መጠበቅ ሊኖርብን ነው። ዘመዳሞች ከሆንን ደግሞ ፋሲካም አይረዳንም።

«ቆጣሪው አያ ባየህ ይሁኑ» ብለዋል ጋሽ ፈንታሁን። አያ ባየህን ያላየ ስማቸውን ሰምቷል። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው የትክል ድንጋይ ገበሬ ናቸው። ከአርማጭሆ እስከ ጭልጋ ሰው ሊጋባ ሲል የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። እኔ ደግሞ በልቤ እንዲህ ስል ቆጠርኩ፦ አንድ ምንጭ፣ ያውም የቃል፣ ያውም የሰማንያ ዓመት። ለዝናብ የማይበቃ ምንጭ ለትዳሬ እንዴት ይበቃል?

ስለዚህ ራሴ ልቆጥር ተነሣሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በእረፍት ሰዓቴ ዞርኩ። የእኔ ወገኖች አይከል ናቸው፤ እዚያ ሄጄ ያገኘሁትን አሮጊትና ሽማግሌ ሁሉ ጠየቅሁ። የስመኝን ወገኖች ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ እያሳደድኩ ጠየቅሁ። በወፍራም ደብተር ላይ የሰውየውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የእናቱን ስም፣ አገሩን እጽፋለሁ። ነገሩ ሲጥመኝ የአጎቶቼን ሚስቶች ጻፍኩ። የአጎቶቼን ሚስቶች ወንድሞች ጻፍኩ። አይከል ውስጥ ሻይ የቀዳልኝን ሰውዬ ሳይቀር ከነአያቱ ጻፍኩት። እኛ ጋዜጠኞች የጠየቅነውን መጣል አይሆንልንም።

ደብተሩ ሲሞላ የአክስቴ ልጅ ሙሉቀን ዘንድ ሄድኩ። ሙሉቀን በአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ያስተምራል። ፒያሳ አካባቢ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ የራሱ ኮምፒውተር አለው፤ እናቱ የሠራችለትን ዳንቴል አልብሶ ነው የሚያስቀምጠው። በዚያን ዘመን ኮምፒውተር ቤቱ ያለው ሰው ጎንደር ውስጥ በጣት ይቆጠር ነበር።

«ይኸ ለኛ ቀላል ነው» አለኝ ደብተሬን እያገላበጠ። «ሁለት መስመር ይበቃዋል።»

«ይሄ ሁሉ ሰው በሁለት መስመር?»

«ስማ። የአንድ ሰው ቀደምት ማለት ወላጁ ነው። ይኸ አንድ። ወይም ደግሞ የወላጁ ቀደምት ነው። ይኸ ሁለት። አለቀ።»

ቆም ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛው መስመር ቀደምትን በቀደምት ነው የፈታው። እኔ እንዲህ ብዬ ብጽፍ አዘጋጁ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ይመልስልኛል። ሙሉቀን ግን በጣቱ እያሳየ አስረዳኝ። ቀደምትህ አባትህ ነው። የአባትህ ቀደምትስ? ያው ሕግ ይመልሳል፤ አባቱ። የእሱስ? ያው ሕግ። እንዲህ እያለ አንድ ሕግ ራሱን እየጠራ ወደ ላይ ይወጣል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ ሕግና መመሪያ አንብቤያለሁ፤ በሁለት መስመር አዳም ድረስ የሚደርስ ሕግ ግን ያኔ ነው ያየሁት። ባርኔጣ ቢኖረኝ አወልቅለት ነበር።

ስሞቹን ማስገባት አራት ቀን ፈጀ። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይመታል።

«ሰውን በምን እንለየው?» አለኝ መጀመሪያ ላይ።

«በስሙና ባባቱ ስም። መታወቂያዬስ ላይ ያለው እሱ አይደል?»

ይህችን መልሴን ያዙልኝ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሙሉቀን ዳንቴሉን ገፎ አጥፎ አስቀመጠና ማሽኑን አስነሣው። ማሽኑ እንደ ወፍጮ አጓራ። ለምሳ ወጥተን ተመለስን፤ ያጓራል። ዐሥር ሰዓት ሆነ፤ ያጓራል። ከዚያ መብራት ሄደ።

በማግስቱ እንደገና ከመጀመሪያው። እኩለ ቀን ላይ ትዕግሥቴ አለቀና «ምን እየሠራ ነው?» አልኩት።

«የሁሉን ሰው ቀደምት ሁሉ እየፈለገ ነው።»

«የጠየቅነው እኮ የእኔንና የስመኝን ነው።»

«አውቃለሁ። እሱ ግን መጀመሪያ የሁሉንም ያወጣና ከዚያ ያንተን ይመርጣል። የሻይ ቤቱን ሰውዬ አያት አሁን ጨርሷል።»

«ሙሉቀን!»

«ደግሞ ሌላም አለ» አለ ትንሽ አፈር ብሎ። «ለቅሶ ቤት ገብቶ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ እየዞረ የሚጨብጥ ሰው አስብ። ጨብጦ ሲጨርስ አንድ አዲስ ለቀስተኛ ይገባል። ሰውየው አዲሱን ብቻ ጨብጦ መቀመጥ ሲገባው፣ ከበሩ ጀምሮ ሁሉንም እንደገና ይጨብጣል። ሌላ ሰው ይገባል፤ እንደገና ከበሩ። ማሽኑ አሁን እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ምነው እንዲህ አድርገህ ሠራኸው?»

«ማሽኑ ፈጣን ነው ብዬ ነዋ!»

አስተካከለው። አዲሱን ብቻ እንዲጨብጥ አደረገው። ከእኔና ከስመኝ እንዲነሣ ማድረጉን ግን «ጊዜ የለንም» ብሎ ተወው። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ስም ማውጣት ጀመረ። ደስ ብሎኝ ወንበሬን አስጠጋሁ። ወርቁ ቢተው፣ ቢተው ወርቁ፣ ወርቁ ቢተው፣ ቢተው ወርቁ፣ ወርቁ ቢተው… የኮምፒውተሩ መስታወት ሞልቶ እየፈሰሰ ሄደ፤ ማቆሚያ የለውም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ሙሉቀን አገጩን ያዘ። «ዙር ገብቷል። የወርቁ አባት ቢተው፣ የቢተው አባት ወርቁ ተብሎ ተመዝግቧል።»

«የትኛው ወርቁ?»

«ያው ወርቁ።»

ተያየን። ሰውየው የራሱ አያት ሆኗል። እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ደብተሩን ይከፍት ነበር። እኛ ግን ሦስት ቀን ወፍጮ ስንሰማ የከረምን ሰዎች ነን። ሙሉቀን «ቀላል ነው፤ አንዴ ያየኸውን ሰው ሁለተኛ አትከተለው ብዬ ላዘው» አለና አንዲት ነገር ጨመረበት። እኔም «ጎበዝ!» አልኩት። ማሽኑ ጫማዬን እስካስር ድረስ ጨርሶ መልሱን ሰጠን። የእኔና የስመኝ ዘር ወርቁ ቢተው ላይ ይገናኛል፤ በእኔ በኩል አምስተኛ ቤት፣ በእሷ በኩል ስድስተኛ ቤት።

ያሰርኩትን ጫማ መልሼ ፈታሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት አንድ ቀን ዝም ይል ነበር። እኔ ግን የሙያዬ ነገር አላስቻለኝም፤ ባለጉዳዮቹ በሙሉ በአንድ ቀን ይስሙ ብዬ ቴሌ ሄጄ መጀመሪያ ለጋሽ ፈንታሁን ደወልኩ። የእህል መጋዘናቸው ስልክ ላይ አገኘኋቸው።

«እንግዲህ ድንኳኑን አይምጣ ልበል?» አሉ ሰምተው ሲጨርሱ።

ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ከዚያ ስመኝ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። መርፌ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ደብተሬን ከፍቼ እንደ ዜና አነበብኩላት። አምስተኛ ቤት፣ ስድስተኛ ቤት። አንብቤ ስጨርስ ትሪው አልተንቀሳቀሰም።

«ማን አለ?» አለችኝ።

«ኮምፒውተር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማን?»

«ሌላ ማን አረጋገጠ?»

ደብተሬን ዘጋሁ።

«ለዝናብ ሁለት ምንጭ ትፈልጋለህ» አለች። «እኔን ለመተው አንድ በቃህ?»

ብዙ ባለሥልጣን ተቆጥቶኝ ያውቃል። እንደ እሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር የጨረሰኝ ግን የለም። ትሪውን ይዛ ሁለት እርምጃ ሄደችና ዞር አለች። «ነገ ገበያ ነው። አያ ባየህ ዘንድ እንሄዳለን። ያንን ኮምፒውተረኛም አምጣው… ወንድሜ።»

ያቺ «ወንድሜ» ከመርፌዎቹ ሁሉ ጠለቅ ብላ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን በትክል ድንጋይ መኪና ተሳፈርን። ስመኝ ከፊት ተቀመጠች። ወለቃ ላይ የሸክላ ሻጮቹን ስናልፍ ዞር ብላ «ወንድሜ፣ መስኮቱን ዝጋው፤ አቧራ ገባ» አለችኝ። ዳገቱን ስንጀምር «ወንድሜ፣ ቦርሳዬን ያዝልኝ» አለች። ረዳቱ ሲጠይቀን «ወንድሜ ይከፍላል» አለችው። ረዳቱ አየት አድርጎኝ «እንዴት ያለች እህት አለችህ! ቁርጥ አንተን» አለ። ሙሉቀን ሳቁን ለመደበቅ መነጽሩን ሲወለውል ትክል ድንጋይ ደረስን።

አያ ባየህ ግቢያቸው ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ጋሽ ፈንታሁን ቀድመውን መጥተው አጠገባቸው ናቸው፤ ሰላምታዬን ተቀበሉ፣ ዓይኔን ግን አላዩኝም። አያ ባየህ ፊት ባዶ ሰፌድ ተዘርግቷል፤ በግራና በቀኝ ደግሞ ሁለት ሳህን ቆሎ አለ፤ አንዱ የባቄላ፣ አንዱ የሽምብራ።

«ቁርስ ነው?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ዘር ነው» አለች ስመኝ።

ደብተሬን በሁለት እጄ አቀረብኩ። አያ ባየህ ውፍረቱን በመዳፋቸው መዘኑና «ይኸ ሁሉ ሰው ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ።

«ሁሉም በመረጃ የተደገፈ ነው፣ አያ።»

«የሚጋባው ማን ነው?»

«እኔና ስመኝ።»

«አጎትህ ይጋባል?»

«አይ።»

«ያጎትህ ሚስት ወንድም?»

«አይጋባም።»

«በል አስቀምጠው። ያልተጠየቀ ሰው በመቃብሩ ይረፍ።»

ሙሉቀን ጎኔን ነካ አደረገኝ። ወሬ ሲጀምር እንዲህ ነው የሚያደርገው።

አያ ባየህ አንድ ባቄላ አንሥተው ሰፌዱ ላይ በግራ በኩል አኖሩ። «ይኸ አንተ ነህ።» አንድ ሽምብራ በቀኝ አኖሩ። «ይች ደግሞ አንች ነሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አባትህ ማን ነው? ከማን ሆድ? የየት አገር ሰው? እናትህስ?» መለስኩ። ሁለት ባቄላ አኖሩና የመጀመሪያውን፣ ማለትም እኔን፣ አንሥተው አፋቸው ውስጥ ጣሉኝ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው። ተሰማኝ።

«አያ፣ በሉኝ እኮ!»

«ጨርሸሃለሁ። ያንተን ወላጆች ካወቅሁ አንተን ሁለተኛ ምን ብየ እጠይቅሃለሁ?»

እንዲህ ነው የሚሠሩት። ሰፌዱ ላይ ያሉት ገና ወላጆቻቸው ያልተጠየቁ ብቻ ናቸው። የአንዱ ወላጆች ሲታወቁ በቦታው ሁለት ፍሬ ይተካል፤ እሱ ይበላል። ከእኔ አንድ ቤት ይወጣሉ፣ ከስመኝ አንድ ቤት ይወጣሉ፤ ከዚያ ግራና ቀኙን ያስተያያሉ፤ የሚገናኝ ከሌለ ወደሚቀጥለው። ያለፈውን ቤት አይመለሱበትም። የእኔ ትዳር የእኔንና የስመኝን ቀደምት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እሳቸውም ከእነዚያ ውጭ የአንድ ሰው ስም አልጠሩም።

ሙሉቀን በጆሮዬ ይንሾካሾክ ጀመር። «አየህ? አዲሱን ለቀስተኛ ብቻ ነው የሚጨብጡት። ከተጋቢዎቹ ነው የሚነሡት። ይኸን እኔ ስንት ወር ተምሬ፣ ፈተና ወስጄ…»

«ዝም በል፤ እየበሉ ነው።»

አራተኛ ቤት ላይ በእናቴ በኩል አንዲት ሴት መጣች። አያ ባየህ ከአሁን አሁን ፍሬ ያነሣሉ ስል እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እሷን በልቻታለሁ። ባባትህ በኩል ሦስተኛ ቤት መጥታ ነበር።»

ደብተሬን አየሁ። እውነት ነው። አንዲት ቅድመ አያት በሁለት መንገድ ትደርሰኛለች፤ እኔ ሁለት ቦታ ጽፌያት ሳላስተውል ኖሬያለሁ። ወላጆቼ ሰባት ቤት ሳይቆጠርላቸው እንደተጋቡም ያኔ ነው ያወቅሁት። ከዚያ በኋላ ማንም ሁለተኛ ሲመጣ «በልቸዋለሁ» ይሉና ያልፋሉ። የቆጠራ ቀን ምሳ ለምን እንደማይበሉም ገባኝ።

አምስተኛ ቤት ደረስን። በአባቴ በኩል «ወርቁ ቢተው» አልኩ። ድምፄ እንደ ተከሳሽ ድምፅ ነበር። ጋሽ ፈንታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስመኝ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች።

አያ ባየህ ባቄላውን በሁለት ጣታቸው ይዘው «ከማን ሆድ?» አሉ።

ደብተሬን ገለጥኩ። «ከጥሩነሽ።»

«አገሩ?»

«አይከል።»

«አባቱ?»

«ቢተው ወርቁ።»

ባቄላውን ሳይበሉ በእጃቸው እንደያዙ ወደ ስመኝ ወገን ዞሩ። አምስተኛ ቤት ላይ ቢተው ወርቁ መጣ። ስድስተኛው ላይ አባቱ ወርቁ ቢተው መጣ። ሽምብራውን በሌላው እጃቸው ያዙ። «ይኸ ከብርቄ ሆድ ነው። የዚሁ የትክል ድንጋይ ሰው። ባንድ ዓይኑ አያይም ነበር ይባላል። የአይከሉን ወርቁ ግን ከኛ ወገን አይቶት የሚያውቅ የለም።» ባቄላውንና ሽምብራውን ጎን ለጎን አደረጓቸው። «ምናቸው ይገናኛል?»

«ኮምፒውተሩ ግን አንድ ሰው ናቸው አለ» አልኩ።

«በምን አወቀ?»

«በስማቸውና ባባታቸው ስም።»

«እናታቸውስ?»

ሙሉቀን አቀርቅሮ መለሰ። «አስገብተነው ነበር፣ አያ። ማሽኑ ውስጥ ሰውየው ሁለት እናት አለው።»

«ሁለት እናት!»

«ደግሞ…» አለ ሙሉቀን። እንዳይናገር ጎኑን ነካሁት፤ እሱ ግን መምህር ነው፣ የጀመረውን ይጨርሳል። «ደግሞ የራሱ አያት ነበር። የኛው ወርቁ አባት ቢተው ነው፤ የዚህኛው ቢተው አባት ደግሞ ወርቁ ነው። ስማቸው ሲደባለቅ ዞሮ ራሱ ላይ መጣ። ማሽኑ አላቆምም አለ። ከዚያ… አስቆምነው።»

አያ ባየህ መጀመሪያ አተኩረው አዩት። ከዚያ ሳቅ ጀመራቸው። አፋቸው ውስጥ ያለው ቆሎ እስኪያንቃቸው ሳቁ። ጋሽ ፈንታሁን ጀርባቸውን መቱላቸው። ውሃ ጠጥተው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው እንዲህ አሉን።

«ሰውየው ራሱን ወልዶ፣ ከሁለት ሴት ሆድ ወጥቶ፣ እናንት ምነው አልጠረጠራችሁም?»

ሙሉቀን ጫማውን አየ፤ እኔ ደብተሬን።

«ማሽናችሁስ ሸጋ ነው። አውቆ ነው የዞረ። ሁለት ሰው ባንድ ቀረጢት ከታችሁብኝ ብሎ ሲጮህላችሁ እናንት አፉን ያዛችሁት። እኔም የበላሁትን አልበላም፤ ግን ሰው ዞሮ ራሱ ላይ ከመጣ ቆሎውን አቁሜ የማን ልጅ ነህ ብየ እጠይቃለሁ።»

ወደ ሃያ ዓመት በሚጠጋ የሥራ ዘመኔ ይህን የመሰለ እርማት ደርሶኝ አያውቅም። ጥሩነሽና ብርቄ፣ አይከልና ትክል ድንጋይ፣ ሁሉም በገዛ እጄ በደብተሬ ላይ ተጽፈው ነበር። ሁለተኛው ምንጭ ቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ስመኝን ኮሪደር ላይ አቁሜ ተለያየን ብዬ አነበብኩላት።

«ጋሽ ፈንታሁን» አልኩ ተነሥቼ፣ «በስልክ የነገርኩዎ ስሕተት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ተቀመጥ» አሉኝ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ። «ድንኳኑን አይምጣ አላልሁም። ልጄ ከልክላኛለች።»

ስመኝ ወደ ዛፉ ትመለከት ነበር።

ቆጠራው ግን አላለቀም። አያ ባየህ የወርቁ ነገር ተፈታ ብለው የቀረውን አልዘለሉም። ስድስተኛውን ቤት ጨረሱ። ሰባተኛው ላይ አንዲት ባቄላ ቀረች፤ የደምቢያ ሴት ናት ከሚባለው በቀር የማንም ደብተር ስለ እሷ የሚለው የለም።

«አላውቃትም» አሉ። «የማላውቀውን አልበላም።»

ባቄላዋ ብቻዋን ሰፌዱ ላይ ቀረች። ለካስ አያ ባየህ ሽማግሌዎቼ የጠሩትን ዘር ከሰሙ ጀምሮ ስለ እሷ አስጠይቀው ኖሯል። ከአይከል ትክል ድንጋይ የሚነግዱ አንድ የጎንደር ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ የአያ ባየህን መልእክት ደምቢያ ድረስ ተሸክመው ሄደው ነበር። ከገበያው አስጠሯቸው። ነጋዴው ክንዳቸው ላይ የሜትር እንጨታቸውን እንደያዙ መጡና ቆመው መለሱ። «ሁለት ቤት ጠይቄያለሁ። ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት። ሴትዮዋ የቆላ ድባ ናት፤ ከአርማጭሆ የደረሰ ወገን የላትም።»

ሁለት ቤት! ተነሥቼ ጨበጥኳቸው። ለምን ያን ያህል አጥብቄ እንደጨበጥኳቸው አልገባቸውም።

አያ ባየህ የመጨረሻዋን ባቄላ አነሡ፣ አዩዋት፣ በሏት። ሰፌዱ ባዶ ሆነ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሦስት ቀን ወፍጮ የፈጨበትን ነገር ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ያለ መብራት፣ አንዲት ነገር ሳይጽፉ ጨረሱት። ሙሉቀን ደብተሩን አውጥቶ የሳቸውን አሠራር ደረጃ በደረጃ ይጽፍ ነበር። ተማሪዎቹን አሁንም በባቄላና በሽምብራ ነው የሚያስተምራቸው፤ ፈተና ላይ የሚበሉም አሉ ይላል።

«ሰባት ቤት አልተገናኛችሁም» አሉ አያ ባየህ እጃቸውን እያራገፉ። «ተጋቡ።»

ጋሽ ፈንታሁን እልል የምትል ሴት ፈለጉ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሙያዬ ግን አፌን ከፈተው።

«አያ፣ ስምንተኛውስ?»

ስመኝ እግሬን ረገጠችኝ። ነርስ የት ላይ እንደሚያም ታውቃለች።

አያ ባየህ ባዶውን ሰፌድ አንሥተው ገለበጡት። «የተጠየቅሁት ሰባት ነው። ሰባት ላይ ማቆም ካልቻልሁ መቼ ትጋባላችሁ?»

ጾም ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው ተጋባን። በኋላ ሙሉቀን ማሽኑን አስተካከለው። ሰው በስሙና ባባቱ ስም ብቻ ሳይሆን በእናቱና በአገሩም እንዲለይ፣ ከተጋቢዎቹ እንዲነሣ፣ ሰው ራሱ ላይ ዞሮ ከመጣ ዝም ብሎ እንዳያልፈው ይልቁንም እንዲጮህ አደረገው። ማሽኑም የእኔንና የስመኝን ጉዳይ በአፍታ ጨርሶ ከአያ ባየህ ጋር አንድ ቃል ተናገረ። በአንድ መስመር ሥራ እስከ ስምንተኛው ቤት ሊወጣ እንደሚችልም ሙሉቀን ነግሮኛል። «ላስኪደው?» ይለኛል፣ በመጣሁ ቁጥር የዳንቴሉን ጫፍ እያነሣ።

አሁን ሁለት ልጆች አሉን። በሙያዬ ያላነሣሁት ጥያቄ ጥቂት ነው፤ መልሱ ቅርብ ሆኖ፣ ምንጩ ታማኝ ሆኖ፣ አውቄ የተውኩት ግን ያ ብቻ ነው። ስመኝ ስትቆጣኝ እስከ ዛሬ «ወንድሜ» ትለኛለች። ያኔ ስምንተኛው ቤት ትዝ ይለኛል። ዳንቴሉን ግን አላስነሣም።